አንድ ስልክ፣ ሁለት ቅዳሜ፣ አንድ ፊልም፦ ከልጆች ጋር ፊልም የመሥሪያ ዝርዝር መመሪያ

ግራ ጫማው ከአልጋ ሥር ወጥቶ ወደ በሩ ሲሸሽ የሚታየው ለአምስት ሰከንድ ብቻ ነው። ያንን አምስት ሰከንድ ለመሥራት ግን 60 ፎቶግራፍና አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጅቷል። የስድስት ዓመቷ ልጄ ጫማውን በጣቷ ትገፋለች፤ የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ የስልኩን ቁልፍ ይጫናል፤ የአሥራ አንድ ዓመቷ የእህቴ ልጅ «ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት» እያለች ትቆጥራለች። ሦስቱም ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተዋል። አልተጣሉም፤ ሰለቸኝ ያለም አልነበረም።

ይህንን መመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ያለ ጠዋት ከልጆች ጋር ማሳለፍ ለሚፈልጉ ወላጆች፣ አክስቶችና አጎቶች፣ መምህራንም ነው። የሚያስፈልገው ካሜራ ያለው አንድ ስልክ፣ ደብተርና እርሳስ፣ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃና ሁለት ነፃ ቀናት ናቸው። ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ላይ እንስማማ፦ ፊልሙ የልጆቹ ነው። የትልቁ ሰው ድርሻ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ፣ ሰዓት መጠበቅ፣ አደጋ እንዳይደርስ መከላከልና ልጆቹ ሲጠይቁ መንገዱን ማሳየት ነው። ታሪኩ እንዴት ይለቅ፣ ጫማው ለምን ይሽሽ፣ የቱ ቀረጻ ይሻላል የሚለውን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። የመጀመሪያውን ፊልማችንን ስንሠራ ይህን አላወቅሁም ነበር። ንግግራቸውን አረምኩ፤ ካሜራውን ከእጃቸው ወስጄ እኔ ቀረጽኩ፤ መጨረሻውንም ቀየርኩ። ያማረ ፊልም ወጣ፤ ልጆቹ ግን አንድ ጊዜ አይተውት ደግመው አልጠየቁትም። የጫማውን ፊልም፣ ምስሉ የተንጋደደውን፣ እስከዛሬ በቃላቸው ይወጡታል።

መጀመሪያ፦ ርዝመቱን አሳጥሩ

ልጆች ፊልም እንሥራ ሲባሉ የሚያስቡት ሁለት ሰዓት የሚፈጅ፣ ጦርነትና በረራ ያለበት ታሪክ ነው። ሐሳባቸውን አትግፉት፤ ርዝመቱን ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ እንዳያልፍ ከወዲሁ ተስማሙ። የሉሚየር ወንድማማቾች እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ ለከፈለ ተመልካች ፊልም ሲያሳዩ ከቀረቡት አሥር ፊልሞች እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። ይህንን ለልጆቹ ንገሯቸው። ሲኒማ የጀመረው በዚህ ርዝመት ነው ሲባሉ ማጠሩ ቅር አያሰኛቸውም።

ማሳጠር የሚጠቅመው ፊልሙ እንዲያልቅ ነው። ጀምሮ የተተወ ሥራ ልጅን ያሳዝናል። የሁለት ደቂቃ ፊልም ከ15 እስከ 25 በሚሆኑ ቁራጭ ቀረጻዎች ይሠራል። በሙያው ሾት የሚባለው ይኸው ካሜራው ከተከፈተበት እስኪዘጋ ድረስ ያለው አንድ ቁራጭ ነው። ሃያ ሾት ደግሞ ልጆች ሳይደክሙ በአንድ ቅዳሜ፣ ቢበዛ በሁለት ቅዳሜ ይጠናቀቃል።

ታሪኩን ከልጆቹ አፍ ማውጣት

ደብተር ያዙና ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። ታሪኩ ስለ ማን ነው? ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው? ከዚያ ዝም ብላችሁ ጻፉ። የመጣላቸውን ሁሉ ጻፉ፤ አታርሙ፤ «ይኼማ እንዴት ይሆናል» አትበሉ።

የእኛ ታሪክ የተወለደው ቤት ውስጥ በየቀኑ ከሚደጋገም ጭቅጭቅ ነው፤ የትንሿ ልጄ ግራ ጫማ ሁልጊዜ ይጠፋል። «ታዲያ ጫማው ራሱ ቢሸሽስ?» አለ ወንድሟ። «ለምን ይሸሻል?» ስላቸው ጸጥ አሉ። ከቆይታ በኋላ ትንሿ ቀና ብላ «እማዬ፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ ቀኙን ነው ቀድሜ የማደርገው» አለች። ታሪኩ በዚያች ቅጽበት ሙሉ ሆነ። ግራው ጫማ ሁልጊዜ ሁለተኛ መሆን አስከፍቶት ቤቱን ጥሎ ሊሄድ ይነሳል፤ ልጅቷ ትፈልገዋለች፤ በመጨረሻም አግኝታ መጀመሪያ እሱን ታጠልቀዋለች። ብቻዬን ብቀመጥ ይህ ምክንያት በሐሳቤ ባልመጣ ነበር።

ልጆቹ ሐሳብ ካጡ ሰፊ ጥያቄ አትጠይቋቸው። «ስለ ምን እንሥራ?» የሚባል ልጅ ይደነግጣል። «ማታ ሁላችንም ስንተኛ ከዚህ ቤት ዕቃ የትኛው ይነሳል?» ብትሉት ግን ማቆሚያ አይኖረውም። ሌላው መንገድ ካላችሁ ነገር መነሳት ነው፤ ትልቅ ካርቶን ካለ መርከብ ይሆናል፤ የአያት ኮፍያ ካለ መርማሪ ይገኛል።

ገጸ ባሕርያቱ ከሦስት፣ ቦታዎቹም ከሁለት ባይበልጡ ይመረጣል። መንገድ ዳር፣ ጣሪያ ላይ፣ ውኃ አጠገብ ወይም በእሳት የሚሠራ ትዕይንት ገና በደብተር ላይ እያለ ይውጣ። በቀረጻው ቀን ከተከለከለ ልብ ይሰብራል።

ከወሬ ወደ ሥዕል

ትልልቆቹ ልጆች ታሪኩን በአጭሩ ይጻፉት። በፊልም ሙያ አንድ ገጽ ጽሑፍ አንድ ደቂቃ ያህል ፊልም ይወጣዋል ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ። ንግግሩ በጣም አጭር ይሁን። ልጅ ረጅም ዓረፍተ ነገር በቃሉ ለመያዝ ሲታገል ፊቱ ይደርቃል። እንዲያውም ቃል በቃል ባታስጠኗቸው ጥሩ ነው፤ ምን ማለት እንደሚፈልጉ ከተረዱ በራሳቸው አነጋገር ይናገሩት።

ከጽሑፉ በኋላ ሥዕል ይከተላል። አንድ ወረቀት በስምንት ክፍል እጠፉና በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ሾት ይሣሉ። እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ሰው ይበቃል። ይህ ስቶሪቦርድ የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ልጆቹ ሦስት ቃላት ይማሩ፦ ቦታውን ሁሉ የሚያሳይ ሰፊ ሾት፣ ሰውየውን ከወገቡ በላይ የሚያሳይ መካከለኛ ሾት፣ ፊት ወይም እጅ ብቻ የሚሞላበት ቅርብ ሾት። ሰፊው የት እንዳለን ይነግረናል፤ መካከለኛው ምን እየተሠራ እንደሆነ፤ ቅርቡ ደግሞ ምን እየተሰማ እንደሆነ።

የጫማው ፊልም መጀመሪያ በደብተራችን ላይ እንዲህ ነበር፦

1. ሰፊ፦ መኝታ ክፍሉ፣ ጠዋት፣ ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።
2. ቅርብ፦ ቀኝ እግሯ ቀኙን ጫማ ያጠልቃል።
3. ቅርብ፦ ግራው ጫማ ብቻውን ወለሉ ላይ።
4. መካከለኛ፦ ልጅቷን ሰው ይጠራታል፤ ዞር ብላ ትነሳለች።
5. ቅርብ፦ ግራው ጫማ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ጋ ፎቶግራፍ!
6. መካከለኛ፦ ትመለሳለች፤ ወለሉን ታያለች፤ ጫማው የለም።

ስድስተኛውን ሾት ልብ በሉት። ንግግር የለበትም፤ ታሪኩ ግን ተነግሯል። ልጆቹ አንድ ነገር በቃል ሊያስረዱ ሲሉ «ሳንናገር እንዴት እናሳየዋለን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከመላው ዝግጅት ልጆችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ይህ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ሲመጣላቸው ደግሞ ፊታቸው ይበራል።

ሥራ ማካፈል

ሁሉም ተዋናይ መሆን ይፈልጋል፤ ካሜራውንም ሁሉም ይፈልገዋል። ጠብ የሚነሳው እዚህ ጋ ስለሆነ ክፍፍሉ ከቀረጻው ቀን በፊት ይለቅ። በእኛ ቤት የሠራልን በየትዕይንቱ መፈራረቅ ነው፤ አንዱ ሲተውን ሌላው ይቀርጻል፣ ሦስተኛው ያዘጋጃል። አዘጋጁ «ጸጥታ! ካሜራ! ጀምሩ!» የሚለው እና «ቁረጥ!» ብሎ የሚያስቆመው ነው። ለትንሽ ልጅ ይህ ሥልጣን ትልቅ ነገር ስለሆነ ለዝምተኛው ልጅ ብትሰጡት እመክራለሁ።

አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች የሾቱን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ካሜራው ፊት ማሳየትና ማጨብጨብ፣ ዕቃ ማቀበል፣ ድምፅ መፍጠር ይችላሉ። ከሰባት ዓመት ጀምሮ ካሜራ መያዝ ይቻላል። ከአሥር ዓመት በላይ ያሉት ቅንብሩን፣ ማለትም ቀረጻዎቹን ቆርጦ መቀጠሉን፣ ራሳቸው ይሠሩታል። ካሜራ ፊት መቆም የማይወድ ልጅ ካለ አታስገድዱት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም የተሻለው ካሜራ ያዥ ወይም ድምፅ ሠሪ እሱ ይሆናል።

ስልኩን ማሰናዳት

ከምንም በፊት ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ልጆች የነኩት ስልክ ሌንስ ሁልጊዜ የጣት ቅባት አለበት፤ ምስሉ ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው በአብዛኛው በዚህ ነው። ቀጥሎ ስልኩን አግድም ያዙት፤ ፊልሙ የሚታየው በቴሌቪዥን ወይም በኮምፒውተር ከሆነ ቁመታም ምስል ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የፊት ለፊቱን ሳይሆን የጀርባውን ካሜራ ተጠቀሙ። ጥሪ መጥቶ ቀረጻውን እንዳያቋርጥ የአውሮፕላን ሁነታውን አብሩ።

በስልኩ ካሜራ ማስተካከያ (ሴቲንግ) ውስጥ ለምስል ጥራቱ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 30 ምስል የሚለውን ምረጡ። የቤቱ አምፖል ምስሉ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ በሰከንድ 25 የሚለውን ሞክሩ፤ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚበሩ አምፖሎች ከ25 ጋር ይስማማሉ። ፎር ኬ የሚባለው ከፍ ያለ የምስል ጥራት ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ ቦታ ይበላል። በ1080 እንኳ አንድ ደቂቃ ቀረጻ እንደ ስልኩ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይይዛል። ለሁለት ደቂቃ ፊልም ሠላሳ ደቂቃ ያህል ስለሚቀረጽ አራት ጊጋባይት ባዶ ቦታ አዘጋጁ።

ስልኩ ቀረጻው መሃል ላይ ብርሃኑን በራሱ እየቀያየረ ያስቸግራል። ተዋናዩ ያለበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ተጭናችሁ ብትይዙ በአብዛኞቹ ስልኮች ብርሃኑም ትኩረቱም ይቆለፋል። በጣት እየጎተቱ ማቅረብን ደግሞ እርሱት፤ ምስሉን ያደበዝዛል። ለመቅረብ በእግር ቅረቡ።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ከሌለ መጻሕፍት ደርድሩና ስልኩን አስደግፉት። በእጅ የሚይዝ ልጅ ሁለት ክርኖቹን ከጎኑ ያጣብቅ፤ በቀስታ ይተንፍስ። ለወለል ቀረጻ ልጆቹ ያገኙትን ዘዴ ላካፍላችሁ፦ ስልኩን ገልብጦ መያዝ። ሌንሱ ያለበት ጠርዝ ወደ ታች ይሆንና ካሜራው ወለሉን ሊነካ ይደርሳል። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ከተገለበጠ ስልኩ ምስሉን ራሱ ያቃናዋል። ከዚያ ከፍታ ሲታይ አልጋው ተራራ፣ የአልጋው ሥር ዋሻ፣ ጫማው ደግሞ የታሪኩ ዋና ሰው ይሆናል። ትንሿ ልጄ ስልኩን ስታስቀምጥ በአጋጣሚ ያገኘችው ሾት ነው፤ ከፊልሙ ሁሉ የምወደውም እሱን ነው።

ብርሃንና ድምፅ

ብርሃን ላይ ብዙ አትጨነቁ። የቀን ብርሃን በመስኮት የሚገባበት ክፍል ፈልጉና ተዋናዩ ወደ መስኮቱ ወይም በጎኑ እንዲቆም አድርጉ። መስኮቱ ከጀርባው ከሆነ ፊቱ ይጨልማል። ፊቱ በአንድ በኩል ብቻ ከበራ በሌላው በኩል ነጭ አንሶላ ወይም ነጭ ካርቶን ያዙለት፤ ብርሃኑ ነጥሮ ይመለሳል። ውጭ ስትቀርጹ እኩለ ቀን ላይ ዓይን ሥር ጥላ ስለሚወድቅ ማለዳ ወይም አመሻሹ ይመረጣል።

ድምፅ ላይ ግን ተጨነቁ። ሰው የተንጋደደ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር አይታገሥም። ቴሌቪዥንና ማራገቢያ ይጥፉ፤ በሩ ይዘጋ፤ ማቀዝቀዣው የሚጮኽ ከሆነ ከእሱ ራቁ። የስልክ ማይክሮፎን ከአንድ ሜትር በላይ ሲርቅ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀዳል። ሁለተኛ ስልክ ካለ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ ተናጋሪው አጠገብ፣ ትራስ ሥር ወይም ኪስ ውስጥ ደብቁት። በዚህ ጊዜ ነው የማጨብጨቡ ጥቅም የሚታየው፤ ምስሉ ላይ እጆቹ የተገናኙበትን ቅጽበት ድምፁ ላይ ከተሰማው ጭብጨባ ጋር ስታገጥሙ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። በየክፍሉ ቀረጻ ሲያልቅ ማንም ሳይንቀሳቀስ 30 ሰከንድ ዝምታ ቅዱ። ባዶ ክፍል የራሱ ድምፅ አለው፤ በቅንብር ጊዜ ክፍተት መሙያ ይሆናችኋል። ሦስት ልጆች ግማሽ ደቂቃ ዝም ሲሉ መስማትም በራሱ ደስ ይላል።

የቀረጻው ቀን

ልጆቹ ጠግበው፣ እንቅልፍ ሳይመጣባቸው፣ ጠዋት ጀምሩ። አርባ አምስት ደቂቃ ሥራ፣ ከዚያ ዕረፍት። እያንዳንዱን ሾት አንዴ ያለ ካሜራ ይለማመዱት፤ ከዚያ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ቅረጹ። አራተኛው ከሦስተኛው አይሻልም፤ የልጅ ትኩስነት ቶሎ ይበርዳል። ካሜራው ተዋናዩ ከመንቀሳቀሱ ሦስት ሰከንድ ቀድሞ ይከፈት፤ ከጨረሰም በኋላ ሦስት ሰከንድ ይቆይ። ይህንን የማያደርግ ቀራጭ ልጅ ሁሉ ቅንብር ላይ ሲደርስ ያዝናል፤ የንግግሩ የመጀመሪያ ቃል ተቆርጦ ያገኘዋል።

ሾቶቹን በታሪኩ ቅደም ተከተል መቅረጽ ግድ አይደለም። መኝታ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀረጹ። ለትንንሽ ልጆች ግን ይህ ግራ ያጋባል፤ የስቶሪቦርዱን ሳጥን እያሳያችሁ «አሁን እዚህ ነን» በሏቸው፤ ያለቀውን ሳጥን ይሰርዙት። በሌላ ቀን የምትቀጥሉ ከሆነ ልብሱንና ዕቃው የተቀመጠበትን ቦታ ፎቶ አንሱ። ልጅቷ በቀይ ሹራብ ከክፍሉ ወጥታ በሰማያዊ ሹራብ ኮሪደሩ ላይ ከታየች ተመልካች ይስቃል።

አቅጣጫም ይጠበቅ። ጫማው ከግራ ወደ ቀኝ እየሸሸ ከሆነ በሚቀጥለውም ሾት ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ፤ አለዚያ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ይመስላል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩም እንዲሁ ነው። በመካከላቸው የተዘረጋ ገመድ አለ ብላችሁ አስቡና ካሜራውን ምንጊዜም ከገመዱ በአንድ ወገን አድርጉ። ለልጆቹ እውነተኛ ገመድ ወለሉ ላይ ዘርጉላቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

«እዘን» አትበሉት

ልጅን «አሁን ደንግጥ»፣ «አሁን እዘን» ማለት ፊቱን ያጣምመዋል እንጂ ስሜት አያመጣም። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ሩሲያዊው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ ስሜት የማይነበብበትን የአንድ ተዋናይ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ አሳየ። ተመልካቹ ፊቱ ላይ አንዴ ረሃብ፣ አንዴ ሐዘን አየ ይባላል፤ ፊቱ ግን አንድ ነበር። ስሜቱን የሠራው የምስሎቹ አከታተል ነው።

ይህ ለልጆች ፊልም ከሁሉም የሚጠቅም ምስጢር ነው። ልጄ ጫማው የጠፋበትን ሾት ስንቀርጽ «ተደናገጪ» ስላት አፏን ከፍታ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። ሌላ ነገር ሞከርን። «ወለሉ ላይ ያለውን ጣውላ ቁጠሪ» አልናት። ዝም ብላ፣ በጥሞና፣ ዓይኗ ከአንዱ ጣውላ ወደ ሌላው እየሄደ ቆጠረች። ከዚያ በኋላ ባዶውን ወለል አስከተልን። ፊልሙን የሚያየው ሰው ሁሉ ጫማዋን የምትፈልግ፣ ልቧ የከፋ ልጅ ያያል። ስለዚህ ለልጆች ስሜት ሳይሆን ሥራ ስጧቸው፦ ፈልግ፣ ቁጠር፣ አዳምጥ፣ ድምፅ ሳታሰማ እለፍ።

አስማቱ

ልጆቹ ሲጠብቁት የቆዩት ክፍል ይህ ነው። ሁለት ዘዴ በቂ ነው።

የመጀመሪያው አቁሞ መቀጠል ነው። ፈረንሳዊው አስማተኛና ፊልም ሠሪ ዦርዥ ሜሊየስ ራሱ እንደተረከው፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1896 ፓሪስ ጎዳና ላይ ሲቀርጽ ካሜራው ተቀረቀረበት፤ እስኪያስተካክለው አንድ ደቂቃ ገደማ አለፈ። ፊልሙን ሲያየው መንገደኛ ማመላለሻው ሠረገላ በድንገት የሬሳ ሠረገላ ሆኖ አገኘው። ዘዴው ዛሬም ያው ነው። ስልኩን ፍጹም በማይነቃነቅበት ቦታ አስቀምጡ፤ ልጁ ቆሞ ይቀረጽ፤ አዘጋጁ «ድርቅ!» ሲል ሁሉም ባለበት ይቁም፤ ቀረጻው ይቁም፤ ልጁ ከቦታው ይውጣ፤ ቀረጻው ይቀጥል። መሃሉ ሲቆረጥ ልጁ ዓይናችሁ እያየ ይሰወራል። ቢቻል ጭብጨባ ወይም ዝላይ ይጨመርበት፤ ዓይን እንቅስቃሴውን ሲከተል ቁርጡን አያይም።

ሁለተኛው በፎቶግራፍ ዕቃን ማንቀሳቀስ ሲሆን ስቶፕ ሞሽን ይባላል። በሰከንድ 12 ፎቶ ከታየ እንቅስቃሴው ለዓይን ይበቃል፤ አምስት ሰከንድ 60 ፎቶ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ መካከል ጫማው የአንድ ጣት ስፋት ያህል ይገፋል። በትንሹ ከተገፋ ቀስ ይላል፤ በብዛት ከተገፋ ይሮጣል። እኛ መጀመሪያ ላይ ጫማው እያመነታ እንዲመስል በጣም በትንሽ በትንሹ ገፍተን፣ በሩ ሲቀርብ እየጨመርን ሄድን። ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ፦ ስልኩ እንዳይነካ በጆሮ ማዳመጫው የድምፅ ቁልፍ ወይም በሰዓት ቆጣሪ ማንሳት፤ የመስኮቱ ብርሃን በደመና ስለሚለዋወጥ መጋረጃውን ዘግቶ በመብራት መሥራት፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት «እጅ ወጥቷል?» ብሎ መጠየቅ። እኛ ጋ በሠላሳ አንደኛው ፎቶ ላይ ትንሽ ጣት አለች። ልጆቹ እንድትቆይ ወሰኑ፤ ቆየች። ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የሚባለው መተግበሪያ ያለፈውን ፎቶ እንደ ጥላ ስለሚያሳይ ሥራውን ያቀልላል።

ቅንብር

ቅንብሩ በስልክ ላይ በአይሙቪ ወይም በካፕከት፣ በኮምፒውተር ደግሞ በነፃ በሚገኙት ኦፕንሾት ወይም ኬደንላይቭ ይሠራል። መሣሪያው ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። አንድ ልጅ ቀረጻዎቹን እያየ በደብተሩ ላይ «ሾት 4፣ ሁለተኛው ይሻላል» እያለ ይመዝግብ። ከዚያ የተመረጡትን ሁሉ ሳትቆርጡ በታሪኩ ቅደም ተከተል ደርድሩ። ተቀምጣችሁ አንዴ እዩት። በጣም ረጅምና አሰልቺ ይሆናል፤ ልጆቹ ተስፋ እንዳይቆርጡ ይህ የሚጠበቅ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አሁን መቁረጥ ይጀመራል። ለእያንዳንዱ ሾት ሁለት ጥያቄ አለ፦ የቱ ጋ ይጀምር? የቱ ጋ ይብቃ? ልጁ ስክሪኑ ላይ በጣቱ ያሳይ። እንቅስቃሴ መሃል ላይ መቁረጥ ጥሩ ነው፤ በሰፊው ሾት እጇን ወደ በሩ እጀታ ስትዘረጋ ቁረጡና በቅርቡ ሾት እጀታውን ስትይዝ ቀጥሉ። በየመሃሉ የሚሽከረከርና የሚበር ሽግግር መጨመር ልጆችን ይማርካል። አትከልክሏቸው፤ አንድ ጊዜ ከነሽግግሩ፣ አንድ ጊዜ ያለ ሽግግር አሳይታችሁ ይምረጡ።

ለልጆች በአንድ መቀመጫ ሃያ ደቂቃ ቅንብር ይበቃል። ማታ ከተኙ በኋላ ተነስታችሁ እናንተ እንዳትጨርሱት አደራ። ፈተናው ከባድ ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ጠዋት ሲነሱ ግን ፊልሙ የእነርሱ መሆኑ ይቀራል።

የጫማ ዱካ ድምፅ

ድምፅ አልባው ሲኒማ አብቅቶ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ሲመጣ ጃክ ፎሊ የተባለ የሆሊውድ ባለሙያ ምስሉን እያየ ዱካና ኮሽታ ይሠራ ነበር፤ ሙያው እስከዛሬ በስሙ ፎሊ ይባላል። ልጆች ይህን ሥራ ያለ አስተማሪ ይችሉታል። ፊልሙን ያለ ድምፅ ክፈቱና ሁለተኛው ስልክ ይቅዳ። ዝናብ ሲያስፈልግ ሩዝ በብረት ሳህን ላይ ይፍሰስ፤ እሳት ሲያስፈልግ ስስ ፕላስቲክ ይጨማደድ፤ ነጎድጓድ ሲያስፈልግ ስስ ቆርቆሮ ወይም ትልቅ ካርቶን ይንቀጥቀጥ። የጫማችን ዱካ በሁለት ጣት ጠረጴዛ ላይ የተመታ ነው፤ ጣቶቹ ላይ ግን የአሻንጉሊት ጫማ ነበር፤ ትንሿ «ባዶ ጣት ጫማ አይመስልም» ብላ ስለተከራከረች።

የሚቀጥለውን ሾት ድምፅ ከምስሉ ትንሽ ቀድሞ ማስገባትም ሞክሩ። ልጅቷ ገና ወለሉን እያየች ሳለ ከኮሪደሩ «ጠብ፣ ጠብ» ሲል ይሰማ፤ ከሰከንድ በኋላ ጫማውን እናሳይ። ተመልካቹ ከእርሷ ጋር አብሮ ጆሮውን ያቆማል።

ሙዚቃን በተመለከተ፣ ፊልሙን በኢንተርኔት ላይ የማውጣት ሐሳብ ካላችሁ የሰው ዘፈን አትጠቀሙ፤ የባለቤትነት መብት አለው። ዩቲዩብ ለአዘጋጆች ያቀረበው የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነፃ የሚወሰድ ሙዚቃ ይገኛል። እኔ የምመርጠው ግን ልጆቹ ራሳቸው የሚያንጎራጉሩትን መቅዳት ነው።

ማሳየትና ማስቀመጥ

ስም ዝርዝሩን በኮምፒውተር ፊደል አትጻፉት። እያንዳንዱ ልጅ ስሙንና የሠራውን ሥራ በእጁ በወረቀት ይጻፍ፤ ፎቶ አንስታችሁ መጨረሻው ላይ አስገቡት። ማስታወቂያ ሥዕል ይሣሉ፤ መግቢያ ቲኬት ይቁረጡ፤ ወንበር ይደርድሩ። መብራቱ ይጥፋ። ሠሪዎቹ ፊት ላይ ሳይሆን ኋላ ይቀመጡ፤ ተመልካቹ የት እንደሚስቅ ከዚያ ሆነው ያያሉ።

ፊልሙ ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ ካለ ለማንም ከመላኩ በፊት ወላጁን አስፈቅዱ። የቤት ቁጥር፣ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ወይም ልጁ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ነገር እንዳይታይ አስተውሉ። በዩቲዩብ ለዘመድ ብቻ ማካፈል ከፈለጋችሁ ሊንኩ የደረሰው ሰው ብቻ እንዲያየው የሚያደርገውን ምርጫ ተጠቀሙ፤ ገጹም በእናንተ እንጂ በልጁ ስም አይሁን። ልጁ ራሱ «እንዳታሳዪ» ካለ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ያለቀውን ፊልምና ጥሬ ቀረጻዎቹን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከስልኩ ውጭ ይሁን። የተበላሹትንም ሾቶች አትሰርዙ። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ከፊልሙ በላይ የምትወዱት ካሜራው መከፈቱን ሳያውቁ የሚጨቃጨቁበትን ይሆናል። ደብተሩንም ዘግታችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት በዚያው ምሽት አዲስ ገጽ ክፈቱለት፤ የእኛው ቀጣይ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል «አሁን ቀኙ ጫማ አኮረፈ» ተብሎ ተጽፏል።